ለቍስለኛ ወታደር የሚሰፋው ልብስ

የጦርነት መጨረሻ በአዋጅ ይነገራል፤ ደወል ይደወላል፥ መድፍ ይተኰሳል፥ ሕዝቡም ደስ ብሎት ወደየቤቱ ይመለሳል። ቍስለኛው ግን የራሱን ጦርነት የሚጀምረው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ቀን ቀን ሐኪሙና አስታማሚው ጠያቂውም ከአጠገቡ ስለማይለዩ ሕመሙን ለጊዜው ይረሳዋል። ሌሊቱ ሲመጣና መብራቱ ሲጠፋ ግን ያየው ነገር ሁሉ ተመልሶ ይመጣበታል፤ እግሩ የተቈረጠው በሌለው እግሩ ላይ ሕመም ይሰማዋል፤ ጓደኛውን ያጣውም የጓደኛውን ድምፅ እንደገና ይሰማል። መንግሥት ለእንዲህ ያለው ሰው ሐኪም ይቀጥርለታል፥ ጡረታ ይቈርጥለታል፥ በጐደለው እግር ፈንታ ሌላ እግር ያሠራለታል። ይህ ሁሉ የሚገባ ነው፤ ይልቁንም ዕዳ ነው። ነገር ግን ለሌሊቱ የሚሆን ነገር በመዝገብ ቤት ቢፈለግ አይገኝም፤ በበጀትም ውስጥ ስም የለውም።

ይህን ጐደሎ በመርፌና በክር ለመሙላት በገዛ ፈቃዳቸው የተነሡ ሰዎች በአሜሪካ አገር አሉ። የሚሰፉት ነገር በቋንቋቸው ኩዊልት ይባላል። ኩዊልት ማለት ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ጨርቅ በአራት ማዕዘንና በሦስት ማዕዘን እየተቈረጠ፥ ቍራጩም ከቍራጩ ጋራ እየተገጣጠመ የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው ስም ድሪቶ ነው፤ ድሪቶ ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያስበው ድኻን ነው። በእውነትም ኩዊልት በአሜሪካ በብዙ ድኻ ቤት ያረጀ ልብስ እንዲያው እንዳይጣል ተብሎ ሲሰፋ ኖሯል። ነገር ግን ባለሙያ ሴት ስትሰፋው ሌላ ነገር ይሆናል። ፊቱ የቀለም ኅብር ነው፤ በመካከሉ ባዘቶ ይነጠፍበታል፤ ከሥሩ ገበር ይደረግለታል። ከዚያ በኋላ ባዘቶው ወደ አንድ ወገን እንዳይሰበሰብ ሦስቱ በአንድነት ከዳር እስከ ዳር ይሰፋሉ፤ በመጨረሻም ዳሩ በቅምቅማት ይዘጋል። ሥራው ቀላል አይደለም። በመርፌ ብቻ የሚሰፋ እንደ ሆነ ወራት ይፈጃል፤ በስፌት መኪናም ቢሆን የብዙ ቀን ድካም ነው።

ነገሩ አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ2003 ዓመት ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በደላዌር ግዛት በሲፎርድ ከተማ የሚኖሩ ወይዘሮ ካትሪን ሮበርትስ የተባሉ ሴት ልጃቸው ወታደር ሆኖ ወደ ኢራቅ ዘምቶ ነበር። ሥራውም በጦር መኪና ላይ ቆሞ መትረየስ መተኰስ ነበረ። እንደዚህ ያለ ልጅ ያላት እናት እንዴት እንደምታድር የሚያውቅ ያውቀዋል። ወይዘሮ ካትሪን ከዚያ ጭንቀት በኋላ እንደ ራእይ ያለ ነገር እንደ ታያቸው ራሳቸው ተናግረዋል። አንድ ወጣት በእኩለ ሌሊት ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ አዩት፤ የጦርነቱም ክፉ መናፍስት ከብበውት ነበር፤ ተስፋ መቍረጡም ለሚያየው ሁሉ የሚሰማ ነበረ። ጥቂት ቈይቶ ያው ወጣት ኩዊልት ተከናንቦ ታያቸው፤ ፊቱም ተለውጦ ነበር። ለእንዲህ ያለው ራእይ ምን ያህል ክብደት እንዲሰጠው አንባቢው እንደ ፈቃዱ ይፍረድ። ወይዘሮዋ ግን ራእዩን ይዘው አልተቀመጡም፤ የሚያውቋቸውን ባለሙያዎች ጠርተው ሥራውን ከፈሉት። አንዷ ቍርጥራጩን ገጣጥማ ፊቱን ትሰፋለች፤ ሌላይቱ ባዘቶውንና ገበሩን ጨምራ ሦስቱን ታያይዛለች። ጨርቁንም ክሩንም ጊዜውንም የሚሰጡት እነሱው ናቸው።

ይሁን እንጂ ልብስ መስፋት አንድ ነገር ነው፤ ቍስለኛው ከተኛበት ክፍል መግባት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በር ለመጣ ሁሉ አይከፈትም። በዋሽንግተን ከተማ የነበረውን የዋልተር ሪድ ሆስፒታል በር ያስከፈቱላቸው የሠራዊቱ ቄስ ጆን ካለርሰን ናቸው። በኅዳር ወር 2003 የመጀመሪያውን ኩዊልት ከሚኔሶታ ለመጣ በኢራቅ ጦርነት እግሩን ላጣ አንድ ወጣት ወታደር እኚሁ ቄስ ሰጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማኅበሩ በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ተስፋፍቶ ከ300,000 በላይ ኩዊልት ሰጥቷል። ስሙም የጀግንነት ኩዊልት ማኅበር ነው።

ወይዘሮ ካትሪን ከመጀመሪያው አጥብቀው የያዙት ሕግ ይበልጡን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ኩዊልቱ የምጽዋት ብርድ ልብስ እንዳይሆን ወሰኑ። ጨርቁ ጥሩ፥ ስፌቱ ጠንካራ፥ ብዙ ጊዜ ቢታጠብ የማይፈታ ይሁን አሉ። መጠኑም እንዲያው በግምት የተተወ አይደለም፤ ከ140 በ165 ሴንቲሜትር የሚያንሰውን፥ ከ183 በ229 ሴንቲሜትር የሚበልጠውንም ማኅበሩ አይቀበልም፤ አንድ ሙሉ ሰው የሚከናነበው መሆን አለበትና። «ለቍስለኛ ነውና ይበቃዋል» የሚል ቃል በብዙ አገር በብዙ ግምጃ ቤት ይሰማል። ያረጀው አንሶላ፥ የተሰበረው አልጋ፥ ማንም የማይፈልገው ጫማ ወደ ሆስፒታል የሚላከው በዚህ ቃል ነው። ይህች ሴት ግን ነገሩን ገለበጡት። በጦር ሜዳ ለቈሰለ ሰው የአሜሪካ መንግሥት ሐምራዊ ልብ የሚባል ኒሻን ይሰጣል፤ ኩዊልቱም ሕዝቡ በበኩሉ የሚሰጠው የዚያ ኒሻን አምሳያ እንዲሆን አሰቡ። ስለዚህ ኩዊልት እንደ አሮጌ መጽሔት በየአልጋው አይታደልም፤ ሰዎች ተሰብስበው ቆመው የባለሟሉ ስም ተጠርቶ በትከሻው ላይ ይደረግለታል።

ይህ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ጀግና የሚሸለመው ለምድና ካባ እየለበሰ ነበር፤ ክብር በሰውነት ላይ የሚለበስ ነገር መሆኑን አባቶች ያውቁት ነበር። ኒሻን በደረት ላይ ተሰክቶ ለተመልካች ያበራል፤ ሌሊት ግን በሣጥን ውስጥ ነው የሚያድረው። ልብስ ግን ከባለቤቱ ጋራ ይተኛል።

ከሕጎቹ ሁሉ ይልቅ ትርጕም ያለው ስለ ስሙ የተደነገገው ነው። በኩዊልቱ ገበር ላይ የሰፊዎቹ ስም የተጻፈበት ጨርቅ እንዲለጠፍ ግዴታ ነው፤ ስም የሌለው ኩዊልት አይሰጥም። ቍስለኛው ሰፊዋን አያውቃትም፤ እሷም አታውቀውም። ምናልባት በዘመናቸው ሁሉ አይተያዩም። ነገር ግን በመጋዘን ተገዝቶ የመጣ ብርድ ልብስና ይህ ልብስ የሚለያዩት በዚህ ስም ነው። መንግሥት ከፋብሪካ የሚገዛው ብርድ ልብስ ይሞቃል፤ ምናልባትም ከኩዊልቱ ይልቅ ይሞቃል። ሆኖም ማንም ሰው ስለ እርሱ ብሎ ሌሊት መብራት አብርቶ እንዳልተቀመጠ ቍስለኛው ያውቃል። ስሙ የሚነግረው ይህን ነው፤ በማያውቀው ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት ከዘመኗ ይህን ያህል ቀን ቈርጣ ሰጠችው።

በሐዋርያት ሥራ የተነገረውን የጣቢታን ነገር የሚያስታውስ ሰው ይህን በቶሎ ያስተውላል። ጣቢታ በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ ጴጥሮስን ከብበው ያለቀሱት መበለቶች ስለ ደግነቷ ብዙ ቃል አልተናገሩም፤ በእጇ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት እንጂ። ምስክር የሆነው ልብሱ ነበረ።

በአሜሪካ ለወታደር ኩዊልት መስፋት በ2003 የተፈጠረ ነገር አይደለም። በ1861 የሰሜንና የደቡብ ጦርነት በተነሣ ጊዜ መንግሥቱ ለዚያ ሁሉ ቍስለኛ የተዘጋጀ ሆስፒታልም ልብስም አልነበረውም። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የንጽሕና ኮሚሲዮን የተባለ ማኅበር በመንግሥት ፈቃድ ተቋቁሞ የሰሜን ሴቶች በየመንደሩ እየተሰበሰቡ ለሆስፒታሉ ጠባብ አልጋ የሚስማማ ጠባብ ኩዊልት ይሰፉ ጀመር። ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት በዚያ ጦርነት ለሰሜን ወታደሮች የተሰጠው ኩዊልትና ድርብ ብርድ ልብስ ወደ 250,000 ይደርሳል ብለው ገምተዋል። ከዚያ ሁሉ እስከ ዛሬ የተረፈው በጣት የሚቈጠር ነው። የቀረው ወታደሩ ተኝቶበት ዘምቶበት በጭቃና በዝናብ አለቀ፤ ብዙውም ባለቤቱ ሲሞት መገነዣው ሆኖ ከእርሱ ጋራ ተቀበረ። በአንዳንዶቹም ላይ ሴቶቹ ስማቸውንና ለማያውቁት ወታደር የጻፉትን የማጽናኛ ቃል በቀለም ጽፈውበት ነበር።

በኋላ በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ስሙ ሌላ ሥራ ተሰጠው። አንድ የእጅ ሥራ መጽሔት ባወጣው ንድፍ መሠረት፥ ስሙ በቀይ ክር በነጭ ኩዊልት ላይ እንዲጠለፍለት የሚወድ ሰው ሁሉ ጥቂት ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ ገንዘቡም ለቀይ መስቀል ይሆናል። ከአንድ ኩዊልት 1,000 ዶላር ይገኛል ተብሎ ታስቦ ነበር። ይህ ለቍስለኛው ገንዘብ አስገኝቶለታል፤ አይነቀፍም። ነገር ግን የተከፈለበት ስምና የተደከመበት ስም አንድ አይደሉም። በኢትዮጵያም ቢሆን በ1935 የጣልያን ወረራ በደረሰ ጊዜ ልዕልት ፀሐይ ከሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ጋራ ለሚዘምተው ሠራዊት ፋሻና የመርዝ ጢስ መከላከያ ያሰናዱ ነበር፤ የመኳንንቱም ሴቶች ልጆች ከዚያ ሥራ አልራቁም።

በዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ሕዝቡ በፈቃዱ ለቍስለኛ እንዲህ የሚደክም ከሆነ መንግሥት የራሱን ዕዳ ይዘነጋ ይሆን? መልካም ልብስ መጥፎውን አልጋ ይሸፍነው ይሆን? ይህ በሐሳብ ብቻ የሚቀር ጥያቄ አይደለም። የመጀመሪያው ኩዊልት በተሰጠበት በዚያው በዋልተር ሪድ ሆስፒታል በ1907 ሳይሆን በ2007 ዓመት በየካቲት ወር የታየውን ነገር ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ እንደ ገለጸው፥ ከአልጋ ተነሥተው ሕክምናቸውን ገና ያልጨረሱ ቍስለኞች ቍጥሩ 18 በሆነ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ግድግዳው ሻግቷል፥ አይጥና በረሮ በክፍሉ ይመላለሱ ነበር። ከዚህም የሚብሰው የወረቀቱ ነገር ነበረ። እጁን ወይም እግሩን ያጣ፥ ራሱንም የተመታ ሰው መቍሰሉን ለማስረዳት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲላክ፥ የሞላው ወረቀት ጠፋ ሲባል፥ እንደገና ሙላ ሲባል ወራት ያልፉበት ነበር። የሆስፒታሉ አዛዥ ከሹመታቸው ተነሡ፤ በመጋቢትም ወር የምድር ጦር ሚኒስትሩ ፍራንሲስ ሃርቪ ሥራቸውን ለቀቁ። ሆስፒታሉም በ2011 ተዘግቶ ሥራው ቤተዝዳ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ።

ለሚያስተውል ሹም ይህ ታሪክ ከባድ ነው። በዚያ ሆስፒታል ገንዘብ አልጠፋም፤ ሐኪሞቹም በዓለም የታወቁ ነበሩ። የጠፋው ቍስለኛውን በስሙ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ወረቀቱ በእጁ ሲገባ ይህ የእገሌ ጕዳይ ነው፥ እገሌም ዛሬ በዚህ ክፍል ተቀምጦ ይጠብቀኛል የሚል ጸሐፊ ነው። ኩዊልት የሻገተ ግድግዳ አያድስም። ሰፊዎቹም አናድሳለን አላሉም። ይልቁንም ሰዎች ከመንግሥት የሚጠየቀውን ነገር በልብስ ተክተውት ቢሆን ኖሮ ሥራቸው ከበጎነት ይልቅ ለቸልተኛው መጋረጃ በሆነ ነበር። ነገር ግን ወደ ቍስለኛ ክፍል የሚያስገባ ምክንያት ያለው ሰው ግድግዳውንም ያያል፤ በር ተዘግቶበት የሚኖር ቍስለኛ ነው ፈጽሞ የሚረሳው። ስለዚህ የሕዝቡ እጅና የመንግሥቱ እጅ አንዱ ሌላውን የሚያሳርፉ ሊሆኑ አይገባም፤ አንዱ ሌላውን የሚያስታውሱ ቢሆኑ ይሻላል።

ስለ ልብሱ ኃይል ከመጠን አልፎ የሚነገረውንም ማረም ይገባል። ከጦርነት የሚተርፈው የአእምሮ ሕመም ሐኪምና ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ልብስ በመከናነብ ብቻ የሚለቅ አይደለም። ኩዊልት የተሰጠው ሁሉ ያን ሌሊት በደኅና ተኛ ማለት አይቻልም። ሆኖም ማኅበሩ በመጀመሪያ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ለቈሰሉት ብቻ አስቦ የጀመረውን ሥራ እየቈየ ጦርነት ለነካው ወታደር ሁሉ ያስፋፋው ያለ ነገር አይደለም። በቪየትናም ተዋግተው የተመለሱት ሰዎች ወደ አገራቸው ሲገቡ ሕዝቡ በዚያ ጦርነት ተከፋፍሎ ነበርና ብዙዎቹ እንኳን ደኅና ገባችሁ የሚላቸው አላገኙም። የመጨረሻው የአሜሪካ ተዋጊ ጦር ከዚያ አገር የወጣው በ1973 ነው። ከአርባና ከአምሳ ዓመት በኋላ ሽማግሌ ሆነው በትከሻቸው ላይ ኩዊልት ሲደረግላቸው ከእነርሱ ብዙዎቹ ያለቅሳሉ። ቍስላቸው የሚታይ ላይሆን ይችላል፤ ያጡትም እግር ወይም እጅ ሳይሆን አንድ ቃል ነበረ።

ሥራው ከአሜሪካ ድንበርም አልፏል። በካናዳ በኤድመንተን ከተማ ወይዘሮ ለዝሊ ዝዋል በ2006 ያንኑ ሥራ ጀምረው ለቈሰሉና ለታመሙ የካናዳ ወታደሮች ኩዊልት የሚያደርስ ማኅበር በአገራቸው ተቋቁሟል። ነገር ግን ከእርሳቸው 64 ዓመት ቀደም ብሎ አንዲት ሌላ ካናዳዊት ሴት ከአገሯ እጅግ ርቃ፥ ራሷም እስረኛ ሆና፥ ለቍስለኞች ኩዊልት አሰፍታ ነበር፤ ስም በጨርቅ ላይ መስፋት ምን ማለት እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ያ ታሪክ ነው።

በየካቲት 15 ቀን 1942 የእንግሊዝ ግዛት የነበረችው ሲንጋፖር በጃፓን ጦር እጅ ወደቀች። ወታደሮቹ ተማረኩ፤ በከተማይቱ የነበሩት የአውሮፓ ሰዎችም ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ቻንጊ ወደሚባለው ወህኒ ቤት ተወሰዱ። ወህኒ ቤቱ ወደ 600 ለሚሆን እስረኛ የተሠራ ሲሆን ከ2,000 በላይ ሰው ታጐረበት። ከእነዚህም ወደ 400 የሚሆኑት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ባልና ሚስት በአንድ ቅጥር ውስጥ በግንብ ተለያይተው ይኖራሉ፤ መነጋገርም መጻጻፍም ተከልክሏል። ባሏ ወታደር የነበረች ሴት ደግሞ ባሏ ከውጊያው ተርፎ በምርኮ ሰፈር ይኑር ወይም ይሙት አታውቅም፤ እርሱም ስለ እርሷ አያውቅም።

በዚያ ወህኒ ቤት የቀይ መስቀል ወኪል የነበሩት ኤቴል መልቫኒ የተባሉ ካናዳዊት አንድ ሐሳብ አመጡ። ለየአንዳንዷ ሴት አንድ ስንዝር የማይሞላ ነጭ ጨርቅ ተሰጣት፤ ከጨርቁም የዱቄት ከረጢት የነበረ አለበት። ከራሷ የሆነ ነገር እንድትጠልፍበት፥ ስሟንም እንድትጽፍበት ተነገራት። አንዳንዷ አበባ ጠለፈች፥ አንዳንዷ የአገሯን ካርታ፥ አንዳንዷም የታሰረችበትን ክፍል። ቍራጮቹ 66 እየሆኑ ተገጣጠሙና ሦስት ኩዊልት ወጣ። አንዱ ለእንግሊዝ ቍስለኞች፥ አንዱ ለአውስትራሊያ ቍስለኞች እንዲሰጥ ታሰበ። ወታደሮቹ ወደተኙበት ሆስፒታል ሲገባ ያ ሁሉ ስም አብሮ ይገባል። ጠባቂው ሲያየው አበባ ነው፤ ቍስለኛው ሲያየው ግን ሚስቱ በሕይወት መኖሯን የሚነግር ደብዳቤ ነው። በእጇ ጽፋዋለችና፤ ክሩም እንደ ማንም ሰው የእጅ ጽሕፈት ባለቤቱን ያስታውቃል።

ሦስተኛው ኩዊልት የተሰጠው ለማን ነው ቢሉ፥ ለቈሰሉት የጃፓን ወታደሮች ነው።

ይህ ብልሃት ነበረ። ለጃፓን ቍስለኛ ያልታሰበ ልብስ ከወህኒ ቤቱ በር ባልወጣ ነበር፤ ሴቶቹም ይህን አስበው ነው ያደረጉት። ነገር ግን ብልሃት ብቻ ነበረ ብሎ ማለፍ ነገሩን ያሳንሰዋል። ለጠላት የሚሆነው ኩዊልት እንደ ሁለቱ 66 ቍራጭ አለው፤ እንዲያው ለማታለል ተብሎ በችኰላ የተሰፋ አይደለም። በጠላት እጅ የታሰረች፥ ልጇ የሚራብባት ሴት በመርፌ አንድ በአንድ ለጠላቷ ቍስለኛ አበባ ስትጠልፍ በልቧ ያለውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ጠላትን ስለ መውደድ በየመቅደሱ ብዙ ተሰብኳል፤ እንዲህ በክር ተቈጥሮ የሚታይ ግን ብዙ አይደለም።

በኩዊልቶቹ ገበር ላይ ቃል ተጽፏል። የቻንጊ እስረኞች ሴቶች ለቍስለኞቹ ስለ መከራቸው አዝነው ያበረከቱት መሆኑን ይናገራል። ዓመቱም 2602 ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም በጃፓኖች አቈጣጠር ነው፤ አሳሪዎቹ ዘመኑን እንኳ በእነርሱ ቍጥር እንዲቈጠር ስላዘዙ ነው። ያው ዓመት ለእንግሊዞች 1942 ሲሆን ሲንጋፖር በወደቀችበት ወራት በኢትዮጵያ 1934 ነበረ። ጦርነቱ ሲያልቅ ኩዊልቱ ለቀይ መስቀል እንዲሰጥም ተለምኖበታል፤ በ1942 በቻንጊ ወህኒ ቤት ለተቀመጠ ሰው ጦርነቱ ማለቁን ማሰብ ራሱ ትልቅ እምነት ነው። ዛሬ የእንግሊዞቹ ኩዊልት በእንግሊዝ ቀይ መስቀል እጅ ይገኛል፤ ለአውስትራሊያ ቍስለኞችና ለጃፓን ቍስለኞች የተሰፉት ሁለቱ ግን በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ በጦርነት መታሰቢያው ቤት በአንድነት ተቀምጠዋል።

በአውስትራሊያዎቹ ኩዊልት ገበር ላይ በዚያ ሁሉ ቃል መጨረሻ አንዲት ትንሽ ምክር ተጽፋለች። ሳሙና ብርቅ በሆነበት ወህኒ ቤት የተቀመጡት ሴቶች ልብሱ በውሃ እንዳይታጠብ፥ በደረቅ እጥበት ቢጸዳ እንደሚሻል ለሚቀበለው ሰው አሳስበዋል።